የእናቴ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰነዶች በተሳካ ሁኔታ ገብተዋል

ለክቡር የማስታወሻ መተግበሪያው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በሥርዎ ለሚገኙት ትጉሃን ባልደረቦችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። በተለይም የማስታወስ ችሎታዎ እስከ እርጅናዎ ፍጻሜ ድረስ እንደ ዛሬው ጽኑ ሆኖ እንዲቆይልዎ፣ የልጆችዎን ፊት፣ የቤትዎን በርና የባለቤትዎን መኖርና አለመኖር ለይተው ለማወቅ የማንም እርዳታ እንዳያሻዎ ከልቤ እጸልያለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ጸሎቴ ሳይሰምር ቀርቶ እንደ አባቴ የሆኑ እንደሆነ ግን፣ ቤተሰብዎ ስለ እርስዎ የሚጽፈውን ማስታወሻ በሌላ ድርጅት መተግበሪያ ላይ እንዲያስቀምጥ በወንድምነት እመክራለሁ።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት ለሃያ ስድስት ዓመት በአራሚነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ ሌላው ለኅትመት ፊደል ለቅሞ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ከዋናው ጋር እያስተያየሁ ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ ማውጣት ነው። ባልደረቦቼ «ዝንቡ» ይሉኛል፤ ሰፊ ንጹሕ ገጽ ቢቀርብልኝ የማርፈው ቆሻሻው ላይ ነው ለማለት ነው፤ እኔም አልቀየማቸውም። ይህን የምጠቅሰው ስለ ራሴ ለማውራት ሳይሆን፣ ከዚህ በታች የማቀርበው አቤቱታ ጽሑፍ ማየት ከማያውቅ ሰው የመጣ መስሎዎ ወደ ጎን እንዳያደርጉት ነው። አንብበው ሲጨርሱ ከጥፋቱ ግማሹ የእኔ ሆኖ ያገኙታል። እኔ ሳልጠየቅ የማምነው እርስዎ ተጠይቀው ከሚያምኑት እንደሚበልጥ ስለማውቅ አስቀድሜ እናገረዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። አባቴ ለሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ እናቴ ደግሞ በአንድ ሆስፒታል የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ዋና ነርስ ነበረች። ታካሚዎቿ ሁሉ «ሲስተር» ስለሚሏት እሱም ከተጫጩበት ጊዜ ጀምሮ ለቀልድ «ሲስተር» ይላት ነበር። ቀልዱ ውሎ አድሮ ስሟ ሆነ፤ እኛ ልጆቹ በሌላ ስም ሲጠራት ሰምተን አናውቅም። ጡረታ በወጣ በአምስተኛው ዓመት አባቴ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፉን፣ ቀጥሎ ዕለታቱን፣ ቀጥሎ የልጅ ልጆቹን ስም ረሳ። በመጨረሻም አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ «የኔ እመቤት፣ ሲስተር የት ሄደች?» ብሎ በታላቅ ትሕትና ይጠይቃት ጀመር።

እናቴ አልቅሳ እንደሆነ እኛ አላየንም። ያየነው ነርስነቷን ነው። አሮጌው የጠረጴዛ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠችና፣ በሆስፒታል የታካሚ ቻርት እንደምትይዘው ሁሉ የባሏን ቻርት መያዝ ጀመረች። ሐተታ አትወድም ነበር፤ የምትጽፈው ለአባቴ የተባለውን ዓረፍተ ነገር ራሱን ነው። «አውቶቡሱ ጋራዥ ገብቷል፤ ነገ ይወጣል።» «ዛሬ ዕረፍት ነህ፤ ተረኛው ሌላ ሹፌር ነው።» «እናትህ ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሃል።» የዓረፍተ ነገሩን ዕጣ የሚወስነው ግን ቀለሙ ነበር። ብላው ያረጋጋውን በአረንጓዴ፣ ያስለቀሰውን ወይም ያስቆጣውን በቀይ፣ ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት በኋላ የማይሠራውን በሰማያዊ ትጽፈዋለች። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰነድ ሞላ። አንዱንም በወረቀት አላተመችውም፤ አባቴ ስሙን ቢረሳም ማንበብ አልረሳም ነበርና፣ «ይህ እንዳይነገረው» የሚል ወረቀት እሱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም።

እናቴ ባለፈው ዓመት በልብ ሕመም ሦስት ሳምንት ተኝታ አረፈች። ሆስፒታል ልትገባ ስትል ለታናሽ እህቴ የተወችላት ኑዛዜ «ለአባታችሁ የምትሉት ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለላችሁ» የሚል ብቻ ነበር። ለመጀመሪያው ወር እህቴ እናታችን ቤት ገብታ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ እያነበበች አባታችንን ያዘች። እኔ እስከዚያ ድረስ እሑድ እሑድ የምመጣ እንግዳ ነበርሁ፤ ይህንም አልደብቅም። እህቴ ግን ፀጉር ሠሪ ነች፤ የራሷ ቤትና ደንበኛ አላት። ስለዚህ አባታችን ከሰኞ እስከ ረቡዕ እሷ ዘንድ፣ ከሐሙስ እስከ እሑድ እኔ ዘንድ እንዲሆን ተስማማን። ኮምፒውተሩ ደግሞ አንድ ነው። አባቴ የእኔን በር ይዞ «አውቶቡሴን ማን ነው የወሰደው?» እያለ ሲጮህ፣ መልሱን ለማየት ሁለት ሠፈር አቋርጦ መሄድ አይቻልም።

የድርጅትዎ ማስታወቂያ የደረሰን በዚህ ጊዜ ነው። «እርስዎ ይርሱ፤ እኛ እናስታውሳለን» ይላል። ከማናቸውም ሌላ ፕሮግራም የመጣ ሰነድ በሦስት ቀላል ደረጃ ይገባል፣ በየስልኩም ይነበባል ተባለ። ይህን ቃል የጻፈው ባልደረባዎ በእኛ ቤት ምን ያህል ጮክ ብሎ እንደተነበበ ቢያውቅ ደስ ይለው ነበር። እግዜር ይስጥልን ብለን ተቀበልነው።

በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በእናቴ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ሰነድ አስገባሁ። «ሰነዶችዎ በሙሉ በተሳካ ሁኔታ ገብተዋል፤ ዋናዎቹን ማስቀመጥ አያስፈልግዎትም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እኔ ግን ዝንቡ ነኝና በቃል አላመንሁም። ዋናውን በኮምፒውተሩ፣ የገባውን በስልኬ ይዤ ሁለት ቀን ሙሉ ቃል በቃል፣ ነጥብ በነጥብ አስተያየሁ። አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ቀለሙ አለመኖሩን ዓይኔ አይቷል፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን በእኛ ሙያ በገጽ ላይ ያለ ቀይ የአራሚ ምልክት ነው፤ እርማቱ ተሠርቶ ገጹ ጥቁር በነጭ ሆኖ ሲመለስ ሥራው አለቀ ይባላል። እኔም ቀለም የሌለበትን ገጽ ሳይ «አሁን ጸዳ» አልሁ።

የባሰም አለ። እናቴ በመጀመሪያው ሰነድ አናት ላይ «አረንጓዴ የጻፍኩት ይባል። ቀይ የጻፍኩት በፍጹም አይባል። ሰማያዊ የጻፍኩት ጠዋት ብቻ» ብላ አስቀምጣ ነበር። እሱንም ከዋናው ጋር አስተያየሁት። «ቀይ» የሚለው ቃል በቦታው አለ፤ «አረንጓዴ» የሚለውም አለ፤ ሁሉም በጥቁር። ትክክል ነው ብዬ አለፍሁ። አራሚ ፊደል ያያል እንጂ ነገር አይሰማም፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሆኜ ነው እንጀራዬን የበላሁት። ከዚያ በምክርዎ መሠረት በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስጠፍቼ ኮምፒውተሩን ለሠፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሰጠሁ።

ሰኞ ዕለት እህቴ ስልኳን ከፍታ አየችና ደወለችልኝ። ቀኑን ሙሉ የፀጉር ቀለም ስትበጠብጥ የምትውል ሴት ናት፤ የጠየቀችኝም «ወንድም ጋሼ፣ ቀለሙስ?» ብላ ብቻ ነው። ያደረግሁትን ስነግራት ደንበኛ እየጠበቀቻት መሆኑን ነግራኝ ዘጋችው። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጥሁ። ኮምፒውተሩን ያስተካከለላቸው ቴክኒሻን ለአንድ ሰዓት ያህል ሲነካካው ቆየና «ጋሼ፣ በላዩ ሌላ ተጽፎበታል፤ ከዚህ የሚወጣ ነገር የለም» አለኝ። ይህን የሰማችው አክስታችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ብላ ተረተችብኝ። ትክክል ናት።

እንግዲህ ግማሹን ተናዝዣለሁ። የቀረውን ግማሽ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚጻፍ ነገር ቁጥር ከሌለው እንደማይነበብ ከልምድ አውቃለሁ።

፩ኛ. በመመሪያዎ መጨረሻ አካባቢ፣ ጠቋሚ ጣት በሚያስፈልገው ደቃቅ ፊደል፣ «እንደ ቀለም ያሉ ጌጦች ከሰነዱ ጋር ላይገቡ ይችላሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር በኋላ አግኝቻለሁ። እናቴ ጌጥ የምትወድ ሴት አልነበረችም፤ የጆሮ ጉትቻ እንኳ ለታካሚ ያስቸግራል ብላ አታደርግም ነበር። ስለዚህ አንድ ጊዜ በሕይወቷ አጊጣ እንደነበር ከእርስዎ መመሪያ በመረዳቴ ደስታዬ ወሰን የለውም። «ይህን አትንገሩት» የሚል ቀይ ጌጥ ከሆነ የመንገድ መብራትም የከተማ ጌጥ ነው ማለት ነው፤ አባቴም ለሠላሳ አንድ ዓመት ስልሳ መንገደኛ ጭኖ በጌጥ ፊት ሲቆም ኖሯል። ይህን ላስረዳው ሞክሬ አልገባውም።

፪ኛ. መተግበሪያዎ ሰነዶቹ የተጻፉበትን ቀን አንሥቶ የገቡበትን ቀን አስቀምጦላቸዋል። በዚህም መሠረት እናቴ ካረፈች ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ በአንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም ሰነድ በአንድ ደቂቃ ጽፋ ጨርሳለች። በሕይወት ሳለች በሁለት ጣት የምትተይብ ሴት ስለነበረች መሻሻሏን ከልብ አደንቃለሁ። ችግሩ አባቴ ባለበት የሚቆም ሰው አለመሆኑ ነው። በመጀመሪያው ዓመት «እናትህ ደህና ናቸው» ሲባል ደስ ይለው ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት እናቱን አሁኑኑ ካላየሁ ብሎ በር ይሰብር ነበር። ቀለሙ ቢጠፋ እንኳ የኋለኛውን ከፊተኛው ብንለይ ኖሮ የሚሠራውን በግምት እንደርስበት ነበር። እሱንም ስላስቀሩልን እናመሰግናለን።

፫ኛ. አስተያይቼ በጨረስሁ ማግስት መተግበሪያዎ «ተደጋጋሚ ዓረፍተ ነገሮች ተገኝተዋል፤ ይዋሐዱ?» ሲል በጨዋ ደንብ ጠየቀኝ። ድግግሞሽ ሲያይ ሰውነቱ የሚያሳክከውን ሰው ይህን መጠየቅ ድመትን ወተት ላፍስስልሽ ወይ እንደማለት ነው። አዎን አልሁ። «ዛሬ ዕረፍት ነህ» የሚለውን እናቴ ሃምሳ ሰባት ጊዜ ጽፋው ነበር፤ ስንቱ በአረንጓዴ፣ ስንቱ በቀይ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ይገኛል። የሃምሳ ሰባት ከሰዓት በኋላ ድካሟ እንዲህ ባለ አጭር ቦታ መግባቱ የመሐንዲሶችዎን ብቃት ያሳያል።

፬ኛ. ስለ ደንበኞች አገልግሎትዎ አለማመስገን ነውር ይሆንብኛል። በመጀመሪያ የመለሰልኝ ማሽን ነው፤ «ስለ አስተያየትዎ ደስ ብሎናል» አለኝና ሰነድ በሦስት ቀላል ደረጃ የሚገባበትን መመሪያ ላከልኝ። ሁለተኛ ስጽፍ ዋናውን ሰነድ እንደገና እንዳስገባ ተመከርሁ። ዋናውን ያጠፋሁት በእናንተው ምክር መሆኑን ብገልጽ ስለ ትዕግሥቴ ተመሰገንሁ። ሰነዶቼ እናንተ «ደመና» በምትሉት ማከማቻ ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ ተቀምጠዋል የሚልም ተጨመረልኝ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። በአሥር ወር ውስጥ ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በመካከሉ ግን አንዲት ልጅ፣ ከአነጋገሯ ወጣት ትመስለኛለች፣ «ጋሼ፣ እኔም አያቴ እንደ አባትዎ ናቸው። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኛ ጋ የመጣው ፊደሉ ብቻ ነው፤ ቀለሙ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ አይጠብቁ» ብላ ጻፈችልኝ። በአሥሩ ወር ደብዳቤ ውስጥ ሰው የጻፈው እሱ ብቻ ነው። በማግስቱ ማሽኑ ተመለሰና «ከባልደረባችን ጋር የነበረዎትን ቆይታ እንዴት ያዩታል?» አለኝ። መልካም ነው ብዬ መለስሁ፤ ይህን ደብዳቤ ካነበቡ በኋላ ልጅቱን እንዳይቀየሙብኝ አደራ እላለሁ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው። የቀረው ቁጥር የሚችለው አይደለም።

ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ሰነድ አንዱ «ስለ እኔ ሲጠይቅ» የሚል ነው። እህቴ በዚያ አንድ ወር ከፍታው አታውቅም፤ አባታችን በገዛ ቤቱ፣ ዕቃዋን እያየ ስለነበር ሲስተር ጓዳ ያለች ይመስለው ነበር፤ ብዙም አልጠየቀም። መጠየቅ የጀመረው ወደ እኛ ቤት ከመጣ በኋላ ነው። በቀን አራትም አምስትም ጊዜ ይጠይቃል። ገጹን ከፈትነው። እናቴ ባሏ ሳያውቃት በጠየቃት ቁጥር ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እየተፈራረቀች የሰጠችውን መልስ ነው የጻፈችው። ስድስት ናቸው፤ እንዳሉ እገለብጣቸዋለሁ፦

«ሥራ ገብታለች፤ ማታ ትመጣለች።»
«ጓዳ ነች፤ እየመጣች ነው።»
«እህቷ ዘንድ ሄዳለች።»
«እኔ እንጃ።»
«አርፋለች።»
«እኔ ነኝ እኮ፤ እዚሁ ነኝ።»

አምስተኛውን ደግመው ያንብቡልኝ። እናቴ፣ ክቡር ሆይ፣ በሕይወት ሳለች የራሷን መርዶ ለባሏ በራሷ አፍ አርድታዋለች። የታመመው ልቧ የት እንደሚያደርሳት ነርስ ስለነበረች ታውቀው ነበር፤ እኛ ልጆቿ እውነቱን ልንነግረው እንችል እንደሆነ አስቀድማ ፈትሻ በቀለም ጻፈችልን። ያ ቀለም ነው ጌጥ የተባለው።

በእርግጥ ያለ ቀለሙም ሞክሩት ይሉን ይሆናል። ሞክረናል። ሐሙስ ዕለት «ሥራ ገብታለች» አልሁት። ኮቱን ለበሰ፣ ጫማውን አሰረ፣ «በሉ ሄጄ ላምጣት፤ ሰዓቷ ደርሷል» ብሎ ወጣ፤ በሥራ ዘመኑ የመጨረሻውን ዙር በሆስፒታሉ በኩል አድርጎ ይዟት ይገባ ነበርና። ሦስት ሰዓት ፌርማታ ላይ አብሬው ቆምሁ። የሚያልፈውን ሹፌር ሁሉ በእጁ ሰላም ይላል። ይህ ቀይ ነው ብዬ ስልኬ ላይ ጻፍሁ። በማግስቱ እህቴ ይህን ሳታውቅ በስልክ ያንኑ ብትለው «ጎበዝ፣ ትሥራ» ብሎ በሰላም ሻዩን ጠጣ።

«እህቷ ዘንድ ሄዳለች» ስንለው፣ አክስታችንን ለሃያ ዓመት አኩርፎ የኖረ ሰው ነውና፣ «እዚያች ወሬኛ ቤት ምን ልትሠራ!» ብሎ ምሳውን ገፋ። እህቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ተነሥታ ወጣች፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱ ግን እስኪመሽ አልበላም። «ጓዳ ነች» ያልነው ቀን ጓዳውን፣ መኝታ ቤቱን፣ ቁም ሣጥኑን ሁሉ ከፍቶ ፈለጋት።

«አርፋለች» ያለችው እህቴ ናት። ውሸት ሰልችቷት ነበር። አባቴ እንደማንኛውም ሚስቱ እንደሞተችበት ሰው አለቀሰ፤ «ሳልቀብራት?» አለ። ቀብሯታል፤ አፈር ያለበሳት እሱ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ረስቶት እንደገና «ሲስተር የት ሄደች?» አለ። እህቴ ከዚያ በኋላ ምን እንዳለችው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እያንዳንዱ ሙከራ የአንድ ሽማግሌ ሙሉ ቀን ነው፤ አባቴ ደግሞ ብዙ ቀን የቀረው ሰው አይደለም። እናቴ አራት ዓመት የፈጀችው ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ከፍላ እኛን ልታሳርፈን ነበር።

ስድስተኛውን መልስ እኛ ልንለው አንችልም። ያን ሊል የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሷም የለችም። ስለዚህ ለአባቴ የሚጠቅመው ነገር የለም። ነገር ግን እውነቱን ልናገር ካልሁ፣ ከስድስቱ ሁሉ ቀለሙን ማወቅ የምፈልገው የእሱን ነው። አረንጓዴ ከነበረ፣ ቢያንስ አንድ ቀን «እኔ ነኝ» ስትለው አምኗታል፣ ተረጋግቷል፣ እሷም ያን አይታ ነው የሞተችው። ቀይ ከነበረ ግን ቤቱ ውስጥ ያለችውን እንግዳ ሴት ፈርቶ ሸሽቷት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ያ ቀለም ዓይኔ ሥር ነበር፤ ፊደሉን እያስተያየሁ አለፍሁት። በዚህ ምክንያት እርስዎን የምጠላዎትን ያህል ራሴንም እጠላለሁ፤ ለሁለታችንም እኩል አድርጌ አካፍያለሁ።

ከእርስዎ የምጠይቀው የለኝም። የሚመለስ ነገር እንደሌለ ልጅቱ ነግራኛለች። በሙያዬ ግን አንዲት እርማት በስጦታ ላቀርብልዎ እወዳለሁ። «ሰነዶችዎ በሙሉ በተሳካ ሁኔታ ገብተዋል፤ ዋናዎቹን ማስቀመጥ አያስፈልግዎትም» ከሚለው ውስጥ «በሙሉ» ይውጣ፤ «በተሳካ ሁኔታ» ይውጣ፤ ከድርብ ሰረዙ ወዲያ ያለው በሞላ ይውጣ። «ሰነዶችዎ ገብተዋል» የሚለው ይበቃል። ሐቀኛ ነው፤ ቦታም ይቆጥባል። የሌላው ሰው እናት የጻፈችው ነገር ነገ ወደ እናንተ ሲመጣ፣ ልጇ ዋናውን ከማጥፋቱ በፊት አንድ ጊዜ ቆም ይል ይሆናል።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ያነበቡ ከሆነ ውለታዎ አለብኝ፤ ካላነበቡም ልማድዎን ስላላጓደሉ አመሰግናለሁ። ድርጅትዎ ያብብ፤ ደመናዎ ይብዛ፤ ወደ እናንተ የሚገባ ሁሉ እንደ እኛ ያለ ቀና ደንበኛ ይሁንልዎ እያልሁ፣ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

የእርስዎ የማይሰለች ደንበኛ፣
የአንድ ጡረተኛ ሹፌርና የአንዲት ነርስ የበኩር ልጅ፣
አራሚው

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ለማረም አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ስጀምረው አባቴ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይጠይቅ ነበር። ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ መጠየቅ አቁሟል። እህቴ ደንግጣ «አባባ፣ ሲስተር እኮ…» ብላ ብታስጀምረው «የትኛዋ ሲስተር?» አላት። ስለዚህ ከስድስቱ ትክክለኛው መልስ የትኛው እንደነበር ማጣራቱ ከእንግዲህ አያስፈልግም፤ ችግሩ ተፈትቷል ብላችሁ መዝገቡን ልትዘጉት ትችላላችሁ።